የማይስለው ዘበኛ

ካሜራው ታወረ ማክሰኞ ሌሊት፤
ስልኬ ላይ ጥቁር ነው፤ ግቢው የለበት፣
በሩ የለበት፣ የአቮካዶው ዛፍ፣ የልጄ ብስክሌት።
ከጥቁሩ መሐል ሁለት ቃል ብቻ፦
«ግንኙነት የለም።»
ስለ ገዛ ቤቴ እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮኝ አያውቅም።

ጠዋት ከጎረቤት መሰላል ለመንኩ።
«ምን ጠፋብህ?» አለች፤ «ዓይኔ» ብዬ መለስኩ።
ስሟ ይታይሽ ነው፤ መሰላሉን ይዛ ከታች ቆመችልኝ፣
እኔ ከላይ ሆኜ ምንም አልታየኝ።

ሶኬቱን ሞከርኩት፤ መብራቱማ አለ፣
ያውም በሽምብጥ፣ ያውም በሐምሌ!
ራውተሩን ነቅዬ፣ ሠላሳ ቆጥሬ፣ መልሼ ሰካሁ፤
አረንጓዴዋ ነጥብ ብልጭ ብልጭ አለች፤ ካሜራውን አየሁ፤
ዝም።
በመርፌ ጫፍ ደግሞ የሆዱን ቀዳዳ
እስከ አስር ነው ይላል፣ እስከ ሃያ ወጋሁ፣
እንደ አዲስ ይወለድ፣ የበፊቱን ይርሳ፣ ስሜን ይጠይቀኝ ብዬ ተመኘሁ።
ዝም።

ሻጩን ደወልኩለት፣ ውባንተን፣ ገበያ ዳር ያለውን።
«መብራት አለው?» «አለው።» «ገመዱስ?» «ገመዱማ…»
«ገመዱን ተከተል። ጣና ዳር ነህ አይደል?
እዚያ አየሩም ውሃ ነው፣ ወንድሜ።»

ተከተልኩ በጣቴ፣ በቆርቆሮው ጠርዝ፣ ከግንቡ ጥግ ለጥግ፣
ጨለማ ቤት ገብቶ ክብሪት እንደሚሻ አንጓውን ስፈልግ።
ባለሙያ ላለመጥራት ብዬ
በገዛ እጄ ያሰርኩት መጋጠሚያ ውስጥ
ሁለት ማንኪያ ውሃ፣
መዳቡ ላይ አረንጓዴ ዝገት፣
የሞተ ትንኝ፣ እፍኝ ሙሉ።

ገመዱ እስኪደርቅ ካርዷን አወጣኋት፤ ጥፍር ታህላለች፤
አርባ አንድ ሌሊት በሆዷ ይዛለች።
ሌባ የለም።
ድመት፣ አራት ጊዜ።
አንዴ፣ ከበሩ ውጭ፣ የተጫነ ጆንያ የመሰለ ነገር
ሣር እየጋጠ አለፈ፦ ጉማሬ፤
ከደንገሉ ወጥቶ፣
መንገዱን ዘግቼ ቤት ብሠራበትም፣ መንገዱን አልረሳ።
የቀረው ሌሊት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፦
ባዶ እግሩን፣ በቁምጣ፣ ባትሪ የያዘ፣
በዘጠኝ ሰዓት ላይ ከካሜራው ስር ቆሞ ቀና የሚል፣
አፉን እንደ ከፈተ።
አጎላሁት።
እኔ ነኝ።
መሥራቱን ላጣራ በወጣሁ ቁጥር እኔኑ ሲያጠምድ ከርሟል።

ጋሽ እንዳላማውን በመጋቢት ነው ያሰናበትኩት።
የካሜራው ዋጋ የስምንት ወር ደሞዙ ነው፤
በወረቀት ደምሬ አሳየሁት።
ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ፣ ዱላውን አንስቶ፣
«እግዜር ይጠብቅህ» አለኝ፤
እስከዚያች ማታ ድረስ እሱ ነበር የሚጠብቀኝ።

ሁልጊዜ በዘጠኝ፣ ከጎጆው፣ ሁለት ደረቅ ሳል።
ሐኪም ቢሰማው ኖሮ መድኃኒት ያዝ ነበር፤
እኛ ግን ትርጉሙን ለምደነዋል፦
አለሁ፣ ተኙ።
አንዳንዴ ሲጨምር፦ «ጉማሬ ነው፤ ተኙ።»

መዳቡን በቢላ ፋቅኩት፣ አሰርኩት፣ ላስቲክ ጠቀለልኩት፣
መስታወቱን ከሸረሪት ድር ጠረግኩት።
ግቢው ተመለሰ፣ በሩ ተመለሰ፣ ብስክሌቱም አለ፤
«ሁሉም ደህና ነው» ስልኬ እንዲህ አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እንቅልፍ የለም።
ካሜራው ያያል፤ ግን አይስልም።
ወጣሁ በባዶ እግሬ፤
ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ዓሣ ዓሣ ይላል።
ከቀይዋ ነጥብ ስር ቆምኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣
ሳልኩ፤ ሁለት ጊዜ።

ከውስጥ ባለቤቴ፣ በእንቅልፍ ልቧ፣
«ጋሽ እንዳላማው ተመለሰ እንዴ?» ስትል ሰማሁ።
መልስ አልሰጠሁም።
አንድ ጊዜ ደግሜ ሳልኩ።